ግንብ የሌለው ሻቶ፦ የሜዶክ ቀይ ወይን ከገረዛ እስከ ብርጭቆ

ከፈረንሳዩ የቦርዶ ከተማ ተነስቶ ዢሮንድ የተባለውን ሰፊ ወንዝ በቀኙ እያየ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው፣ በሜዶክ ምድር ሳን ዡሊያን የምትባል ትንሽ መንደር ይደርሳል። እዚያ ሻቶ ሌዮቪል ባርቶን የሚባል ስመ ጥር የወይን እርሻ አለ። «ሻቶ» በፈረንሳይኛ ግንብ ወይም የመኳንንት ቤት ማለት ነው፤ ይህ ሻቶ ግን የራሱ ግንብ የለውም። በጠርሙሱ ወረቀት ላይ የተሳለው ያማረ ቤት የጎረቤቱ የሻቶ ላንጎዋ ነው። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ዘራቸው ከአየርላንድ የሆነው ባርቶኖች ላንጎዋን በ1821፣ ከሰፊው የሌዮቪል ርስት አንዱን ክፋይ ደግሞ በ1826 ገዙ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የቀረው ርስትም ኋላ ለሁለት ተከፍሎ ዛሬ ሌዮቪል ላስ ካዝ እና ሌዮቪል ፑዋፌሬ ተብሎ ይሸጣል።

ስለዚህ ቦርዶ ውስጥ ሻቶ ሲባል ከራሱ ማሳ የለቀመውን ፍሬ ራሱ ወይን የሚያደርግ እርሻ ማለት ነው። ቤቱ ባለ ሰገነት ሊሆን ይችላል፤ ቆርቆሮ የለበሰ መጋዘንም ሊሆን ይችላል። ቃሉ ስለ ጥራት ምንም አይናገርም።

ጥራቱ ከየት ይመጣል ለሚል ሰው፣ ቀይ ወይን እንደ ጠጅ ውሃ፣ ማርና ጌሾ ተመጥኖ የሚጣል እንዳልሆነ ማስታወስ ይበቃል። የፍሬው ጭማቂ ከነልጣጩ ነው፤ ሌላ የሚጨመርበት ነገር ጥቂት ነው። የባለሙያው ሥራ በአብዛኛው መቀነስ ነው። ቡቃያ ይቀንሳል፣ ዘለላ ይጥላል፣ አንዳንዴም ጋን ሙሉ ወይን ከዋናው ስም ያስወጣል። የአንድ ጠርሙስ ዋጋ ትልቁ ክፍል የተጣለው ነገር ዋጋ ነው።

ጠጠሩ

ሜዶክ ድሮ ረግረግ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች ቦይ ቆፍረው ውሃውን ሲያጠነፍፉት፣ ወንዞች በብዙ ሺህ ዓመታት ተሸክመው ያመጡት የጠጠር ጉብታ ለወይን ተመቸ። ባለ ጤፍም ሆነ ባለ ስንዴ ቢያየው የሚንቀው መሬት ነው። ወይን ግን በለም አፈር ላይ ቅጠል ብቻ ያበዛል። ጠጠሩ ዝናብ ቶሎ ስለሚያሳልፍ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀን የሞቀው ድንጋይም ሙቀቱን ወደ ማታ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ዘግይቶ ለሚበስለው የወይን ዝርያ ለካቤርኔ ሶቪኞን የግድ ነው። ሌላው ዝርያ ሜርሎ ቀድሞ ስለሚበስል ቀዝቃዛና ውሃ የሚይዝ ሸክላ አፈር ይችላል፤ ከወንዙ ማዶ ባሉት በፖምሮልና በሳንቴሚሊዮን ሜርሎ የበዛው ለዚህ ነው።

የሜዶክ ሰዎች ጥሩ ወይን ወንዙን የሚያይ ነው ይላሉ። አባባሉ እውነት አለው፤ ሰፊው ውሃ ብርዱን ስለሚያለዝበው በሚያዝያ 2017 ውርጭ ብዙ የቦርዶ እርሻ ቡቃያውን ሲያጣ፣ ወንዙ ዳር ካሉት ማሳዎች ብዙዎቹ ተርፈዋል።

ከመቀስ እስከ መቁረጫ

በሜዶክ ጥሩ ማሳዎች በአንድ ሄክታር እስከ 10,000 ግንድ ይተከላል፤ በየመስመሩም በየግንዱም መካከል 1 ሜትር ማለት ነው። አንድ ሄክታር 45 ሄክቶሊትር (4,500 ሊትር) ከሰጠ 6,000 ጠርሙስ ይሆናል። ለግንዶቹ ሲካፈል አንድ ግንድ አንድ ጠርሙስ እንኳ አይሞላም።

ይህ የሚጀምረው በክረምቱ ገረዛ ነው፤ የእነሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ብርድ ነው። ገራዡ ከግንዱ ራስ ግራና ቀኝ አንዳንድ ዘንግ ብቻ አስቀርቶ፣ በእያንዳንዱ ላይ አራት አምስት እምቡጥ ይተዋል፤ ዘንጎቹን ሽቦው ላይ ጎንበስ አድርጎ ያስራል። ሌላው ሁሉ ተቆርጦ ይወድቃል። ስስት የያዘው ሰው እምቡጥ ቢያበዛ መከሩ ይበዛል፤ ግን ጭማቂው ቀጭን፣ ፍሬው ያልጠና ይሆናል። ቀድሞ የገረዘ ሰው ቡቃያው ቀድሞ ስለሚወጣ ለውርጭ ይጋለጣል። ወፍራም እንጨት በአንዴ የሚቆርጥ ደግሞ ሰፊ ቁስል ይከፍታል፤ በዚያ በኩል ኤስካ የሚባለው የግንድ በሽታ ገብቶ የሃያና የሠላሳ ዓመት ተክል ከውስጥ እየበላ ይገድላል። መድኃኒት የለውም።

ከሥር ያለው ግንድ የፈረንሳይ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከአሜሪካ የመጣው ፊሎክሴራ የተባለ ጥቃቅን ተባይ ሥር እየመጠጠ የአገሪቱን ወይን አወደመ፤ መፍትሔው የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ሥር ላይ ማዳቀል ሆነ። እስከ ዛሬ የሚተከለው እንደዚያ ነው።

ሌላው ጠላት ሚልዲው ነው፤ ሞቅ ባለ ዝናብ ቅጠሉንና ለጋውን ፍሬ የሚያደርቅ ሻጋታ። የመጀመሪያው መድኃኒቱ የተገኘው እዚያው ሳን ዡሊያን፣ ዱክሩ ቦካዩ በተባለው ሻቶ ማሳ ዳር ነው። መንገደኛ ዘለላ እየቆረጠ ስላስቸገረ፣ ከመንገዱ አጠገብ ባሉት ግንዶች ላይ መርዝ እንዲመስል ሰማያዊ የመዳብ ቅልቅል ይረጩ ነበር። የሥነ ዕፅዋት ምሁሩ ሚላርዴ ግን የተረጨው ቅጠሉን እንዳልጣለ አስተዋለ፤ ሙከራውንም በ1885 አሳተመ። የመዳብ ሰልፌትና ኖራ ቅልቅሉ «የቦርዶ ቅልቅል» ተብሎ ዛሬም በድንችና በቲማቲም ላይ ሳይቀር ይረጫል። መዳብ ግን አፈር ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ አይጠፋም፤ ስለዚህ በአውሮፓ መጠኑ ተገድቧል።

ሰኔ ላይ ያብባል። በአበባ ጊዜ ብርድና ዝናብ ከገጠመ አበባው ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል፤ ይህ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሜርሎን ነው። በበጋው የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ጎን ዘለላውን የሸፈነው ቅጠል ይነሳል፤ በምዕራብ በኩል ያለው ይተዋል፣ የከሰዓቱ ፀሐይ ልጣጩን ያቃጥላልና። ግንዱ ከአቅሙ በላይ ከያዘ ሐምሌ ላይ አረንጓዴ ዘለላ ተቆርጦ መሬት ይጣላል። የጎለመሰ ማሳን ያለ ልዩ ፈቃድ በመስኖ ማጠጣት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ የዓመቱ ጠባይ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ የእኛውን ባቱን ማሰብ ይቻላል። የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ የተከለው ሜርሎና ካቤርኔ የሚያድገው በመስኖ፣ ግንዱን የሚያስተኛ ብርድ በሌለበት ነው፤ ዝርያው አንድ ሆኖ እርሻው ሌላ ሙያ ነው።

ፍሬው ከአበባው ወደ 100 ቀን ገደማ ቆጥሮ ይበስላል። ሜርሎ አብዛኛውን ጊዜ ከካቤርኔ አንድና ሁለት ሳምንት ይቀድማል። ስኳሩ በመሣሪያ ይለካል፤ በአንድ ሊትር ወደ 17 ግራም ስኳር አንድ ፐርሰንት አልኮል ስለሚሆን፣ 220 ግራም ያለው ጭማቂ 13 ፐርሰንት ገደማ ይወጣዋል። ነገር ግን የሚቆረጥበትን ቀን የሚወስነው ስኳር ብቻ አይደለም። ባለሙያው ፍሬውን አኝኮ ዘሩን ያያል። ዘሩ አረንጓዴ ከሆነና ልጣጩ እንዳልበሰለ ሙዝ ምላስ ከያዘ ገና ነው፤ ዘሩ ቡናማ ሆኖ በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርሷል። ጥቅምት እየቀረበ ዝናብ ከተተነበየ ግን መጠበቅ ቁማር ነው። ውሃ የጠጣ ፍሬ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ግራጫ ሻጋታ ይይዘዋል።

ጋኑ ውስጥ

የደረሰው ፍሬ ጠረጴዛ ላይ ይለቀማል፤ ቅጠል፣ የበሰበሰና ጥሬ ፍሬ ይወጣል። ከዚያ ፍሬው ከአጽሙ፣ ማለትም ፍሬዎቹ ከተንጠለጠሉበት የዘለላ እንጨት ይለያል፤ አጽሙ አብሮ ከገባ የቅጠል ምሬት ይሰጣል። በዚህ ወቅት ዋናው ሕግ አለመቀላቀል ነው። የአሮጌው ግንድ ካቤርኔ ለብቻ፣ የወጣቱ ለብቻ፣ ሜርሎው ለብቻ ጋን ይገባል። አንዴ የተቀላቀለ አይለይም።

ጭማቂው ራሱ ከሞላ ጎደል ቀለም የለውም። ቀይ የሚያደርገው ልጣጩ ነው፤ ታኒኑም ከልጣጩና ከዘሩ ይወጣል። ታኒን አፍን የሚያደርቀውና ድድ ላይ የሚሰማው ነገር ሲሆን ወይኑን ለብዙ ዓመት የሚያቆየውም እሱ ነው። እርሾው ስኳሩን መብላት ሲጀምር ጋዙ ልጣጩን ወደ ላይ ገፍቶ ወፍራም ቆብ ይሠራል። ድፍድፍ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ይህ ቆብ ከደረቀ የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይነግሥበታል፤ ስለዚህ በቀን አንድና ሁለት ጊዜ ከሥር ያለው ጭማቂ በፓምፕ ወጥቶ ከላይ ይፈስበታል። መጀመሪያ ላይ አዘውትሮ፣ አልኮሉ ከፍ ሲል ደግሞ ቀነስ አድርጎ ነው፤ አልኮል የዘሩን ሻካራ ምሬት ይጎትታልና።

ሙቀቱ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ወደ 35 ከተጠጋ እርሾው ይዝላል፣ ይሞታል፤ መብላላቱ መሐል ላይ ይቆማል። የቀረውን ስኳር ባክቴሪያ ያገኘዋል፤ ያ ጋን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ማለት ይጀምራል። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን በሞቃት ዓመት ስንቱ ወይን የተበላሸው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ከወይኑም ይብሳል። አንድ ሊትር ጭማቂ ሲብላላ ከ50 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ጋኑ ውስጥና ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ሽታ የለውም። ጋን ሊጠርግ ገብቶ የወደቀን ሰው ሊያወጣ የገባው ሁለተኛ ሰውም አብሮ ይሞታል። ድሮ ሻማ አብርተው ያወርዱ ነበር፤ ሻማ ግን ሳይጠፋም ጋዙ ሰው የሚጥልበት መጠን ሊደርስ ይችላል። ዛሬ ግዴታው በቂ ማናፈሻና የጋዝ መለኪያ ነው፤ ብቻውን የሚገባም የለም።

ከልጣጩ ጋር ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ከቆየ በኋላ ወይኑ በራሱ ክብደት ይቀዳል። የቀረው ልጣጭ ይጨመቃል፤ ጭማቂው ጠቆርና ሻካራ ስለሆነ ለብቻው ተቀምጦ፣ ኋላ እንደ ቅመም በጥቂቱ ይጨመራል ወይም ጭራሽ ይቀራል። ከዚያ ሁለተኛ ለውጥ ይመጣል። በ20 ዲግሪ አካባቢ ባክቴሪያዎች የጥሬ ፖም ዓይነቱን ኃይለኛ አሲድ ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ ይለውጡታል። ይህ እስኪያልቅ ወይኑን ከመበላሸት የሚጠብቀው ሰልፈር አይጨመርም፤ ባክቴሪያውን ይገድላልና። ስለዚህ እነዚያ ሳምንታት ወይኑ ያለ ጋሻ የሚቀመጥባቸው ናቸው።

በርሜልና ሻማ

የቦርዶ በርሜል 225 ሊትር፣ ማለትም 300 ጠርሙስ ይይዛል። እንጨቱ ኦክ ነው፤ ተፈልጦ ውጭ ዝናብና ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ይደርቃል፣ በእሳት ይለመጣል፣ ውስጡም ይጠበሳል። የቫኒላና የቅመም ሽታው ከዚያ ነው። አዲስ በርሜል ውድ ስለሆነ፣ ብዙ ሻቶዎች በየዓመቱ ግማሽ ያህሉን ብቻ ያድሳሉ፤ ገንዘቡ ብቻም አይደለም፣ ደካማ ወይን አዲስ እንጨት ውስጥ ቢከቱት እንጨት እንጂ ወይን አይሸትም።

ወይኑ እዚያ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ከግማሽ ይቀመጣል። በእንጨቱ በኩል ስለሚተን በየጊዜው ይሞላል፤ ካልተሞላ ባዶው ቦታ አየር ይይዛል፣ አየሩም ኮምጣጤ ያመጣል። በየሦስት ወሩ ደግሞ ከአተላው ይለያል። ይህን ሥራ ማየት ደስ ይላል። ሠራተኛው በበርሜሉ ፊት ታች ያለችውን ትንሽ ውታፍ ነቅሎ ወይኑን ወደ ሌላ በርሜል ያወርዳል። ሊያልቅ ሲል በርሜሉን ከኋላ በቀስታ ከፍ ያደርጉታል፤ እሱ ብርጭቆ ይዞ ከሚወርደው ላይ ይቀዳና ከሻማ ብርሃን ፊት ያቆማል። ጥርት ያለው ቀይ ውስጥ የጭስ ክር የመሰለ ጉም ሲታይ እጁን ያነሳል፣ ቧንቧው ይዘጋል። ሁለት ሊትር ለማትረፍ የሚሳሳ 223ቱን ያደፈርሳል።

ባዶው በርሜል ይታጠብና 5 ግራም ያህል ሰልፈር ውስጡ ይቃጠላል። የእኛ እናቶች ጋኑን በወይራ እንደሚያጥኑት መሆኑ ነው፤ ዓላማው ግን ሽታ መስጠት ሳይሆን ጀርም መግደል ነው። ሰልፈር ከተዘነጋ ብሬት የሚባለው እርሾ ይገባል፤ ወይኑ የፈረስ ጋጥ፣ የላብና የፕላስተር ሽታ ያመጣል። ሰልፈሩ ሲበዛ ደግሞ ወይኑ የክብሪት ጭስ ይሸታል፣ አፍንጫ ይኮረኩራል። የአውሮፓ ሕግ ለደረቅ ቀይ ወይን ከፍተኛውን መጠን በሊትር 150 ሚሊግራም አድርጎታል።

ሻካራውን ታኒን ለማለዘብ ለአንድ በርሜል የአምስት ወይም የስድስት እንቁላል ነጭ በትንሽ ጨው ተመትቶ ይገባል። ነጩ ታኒኑን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከአንድ ወር በላይ ተጠብቆ ወይኑ ከላዩ ይቀዳል። ከበዛ የወይኑን ሥጋ ይዞ ይወርዳል። እንቁላሉ ከሥር ቢቀርም ለጾመኛ አንባቢ ነገሩ እንደሚያሳስብ እናውቃለን፤ «ቪጋን» (ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ያልገባበት) የሚል ምልክት ያለው ጠርሙስ መፈለግ ይቻላል። የተረፈው አስኳል የት ይሄዳል? ካኔሌ የተባለው የቦርዶ ኬክ ከዚያ ተወለደ ይባላል።

ክረምት ላይ ሁሉም ጋን ይቀመሳል፤ የሚመጥነው ተመርጦ ይዋሃዳል። ካቤርኔው አጥንት፣ ሜርሎው ሥጋ፣ ፔቲ ቬርዶ የሚባለው ሌላ ዝርያ ደግሞ ቅመም ነው። ያልመጠነው ሁለተኛ ወይን ይሆናል፤ የሻቶ ላቱሩ ሌ ፎር ደ ላቱር፣ የሻቶ ማርጎው ፓቪዮን ሩዥ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሁለተኛ ወይን ውድቅ አይደለም። በአብዛኛው ከወጣት ግንዶች የመጣ፣ ቀድሞ የሚጠጣ ወንድም ነው፤ ኪስ ለሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የተሻለው ግዢ እሱ ነው።

ወረቀቱን ማንበብ

በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ በናፖሊዮን ሣልሳዊ ዘመን፣ የቦርዶ ደላሎች የሜዶክን ቀይ ወይኖች በአምስት ደረጃ መደቡ። መሥፈርታቸው ለዓመታት የተሸጡበት ዋጋ ነበር። አንደኛ የሆኑት ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ እና ከሜዶክ ውጭ ያለው ኦ ብሪዮን ናቸው። ሦስቱም ሌዮቪሎች ሁለተኛ፣ ላንጎዋ ሦስተኛ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ አንድ ትልቅ ለውጥ ብቻ ሆኗል። በ1973 ሙቶን ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ወጣ፤ ፊርማው የያኔው የግብርና ሚኒስትር የዣክ ሺራክ ነበር። ደረጃው የተሰጠው ለሻቶው ስም እንጂ ለመሬቱ ስላልሆነ፣ ባለቤቱ እዚያው ክልል ውስጥ የጎረቤት ማሳ ቢገዛ ያ ማሳ ደረጃውን ይለብሳል። በሌላው የፈረንሳይ የወይን አገር በቡርጎኝ በተቃራኒው የተመደበው ማሳው ራሱ ነው። በእኛ አስተያየት የ1855ቱ መዝገብ ታሪክ እንጂ የዛሬ ፈተና ውጤት አይደለም፤ አምስተኛ ላይ ተመድበው ሁለተኛውን የሚያስንቁ አሉ።

«ግራን ቫን» የሚለው ቃል የሻቶው ዋና ወይን ነው ለማለት የተጻፈ ነው፤ ደረጃ አይደለም። «ግራን ክሩ» በሳንቴሚሊዮን እጅግ ብዙ ጠርሙስ ላይ ይገኛል። ይልቅ የሚጠቅመው የአካባቢው ስም ነው፤ ቦርዶ ከሚለው ሰፊ ስም ይልቅ ሜዶክ፣ ከሜዶክ ይልቅ ሳን ዡሊያን ወይም ፖያክ ጠበብ ያለና ጥብቅ ሕግ ያለው ነው። «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ሻቶ» ማለት እዚያው ሻቶው ውስጥ ታሽጓል ማለት ነው። ዓመቱንም ይዩ፤ 2013 ብርድና ዝናብ ያጠቃው፣ 2016 ደግሞ የተዋጣለት ነበር።

ቤት ሲደርስ

ከውጭ ዘመድ ያመጣው ጥሩ ወይን ሳሎን ቡፌ ላይ ቆሞ አምስት ዓመት ሲያጌጥ ይታያል። ቡሹ ከላይ ደርቆ ይሸበሸባል፣ አየር ይገባል፣ ሲከፈት የኮመጠጠ ቡናማ ነገር ይወርዳል። አጋድሞ፣ ከብርሃንና ከምድጃ አርቆ፣ ቤቱ ውስጥ ካለው ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ሲከፈት የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ ያመጣው ጥፋት ነው፤ አየር አይመልሰውም። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ግን ይጠብቁት፤ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠውት ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ብዙ ጊዜ ይለቀዋል።

«በክፍል ሙቀት» የሚለው ምክር የድሮ የፈረንሳይ ቤት ብርድ ነው፤ 16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃል። ከምግብም ለዘብ ያለ ጥብስ ይስማማዋል። በርበሬው የበረታ ዶሮ ወጥ ግን ታኒኑንም አልኮሉንም ያሳክረዋል፤ ለዚያ ወጣት ሜርሎ ይሻላል።

አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት የቆየ ጠርሙስ አተላ አለው። ከመክፈትዎ አንድ ቀን ቀደም ብለው ያቁሙት። ከዚያ ከአንገቱ ሥር የስልክ መብራት አድርገው፣ ሳያቋርጡ በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ይቅዱ። ጭስ የመሰለው ክር ወደ አንገቱ ሲመጣ ያቁሙ፤ ሁለት ጣት ያህል ከሥር ይቅር።